የተዋስናቸው ብርጭቆዎች

ልጅ ሳለሁ፣ ቢቸና በሚገኘው ቤታችን እራት የሚቀርበው የአያቴ ተረት ሲያልቅ ነበር፤ አባባ ደምሌ ሳይጨርሱ እናቴ እንኳ መሶቡን አትከፍትም። ያኔ መብራት ሰፈራችን አልገባም። ኩራዙ ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ፣ ምድጃው ውስጥ የባሕር ዛፍ ፍም እየከሰመ፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ እኔና ሁለቱ ወንድሞቼ ከመደቡ ሥር እንኮለኮላለን። አባባ ተረት ሲጀምሩ አይቸኩሉም። ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ፣ ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ፣ ከዚያ አንዳችንን ሳይነኩ አይገቡበትም። «ማሬ፣ ዛሬም ሳልጨርስ ልታንቀላፊ ነው?» ይሉኛል። አንቀላፍቼባቸው አላውቅም፤ እሳቸውም ያውቁታል።

አንድ ዓመት፣ እህል ከገባ በኋላ፣ ጥር ላይ፣ ተዝካራቸውን በቁማቸው ለማውጣት ወሰኑ። በእኛ አገር አንዳንድ ሽማግሌ እንዲህ ያደርጋል፤ ለነፍሱ የሚደገሰውን ድግስ ሳይሞት ደግሶ፣ ሰው ሲበላ ሲጠጣ በዓይኑ ያያል። «ከሞትኩ ወዲያ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ በምን አውቃለሁ?» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ቤት መሆኑ ቀረ። ጌሾ ይወቀጣል፣ እንጨት ይፈለጣል፣ ግቢው ውስጥ ዳስ ይጣላል፣ አክስቴ ከሞጣ መጥታ ሁሉንም ታዛለች። የእኔ ድርሻ ብርጭቆ ነበር። ከእድሩና ከጎረቤት የተዋስነው ብርጭቆ እንዳይቀላቀል እያንዳንዱ ቤት ቂጡ ላይ በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጎበታል፤ የአንዱ ቀይ ነጥብ፣ የሌላው ሁለት ሰረዝ፣ የሌላው መስቀል። እኔ በየምልክቱ እለያለሁ፣ በአመድ አሻለሁ፣ አለቀልቃለሁ። «የሰው ዕቃ ነው፣ አደራ» አለችኝ እናቴ። ትልቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ፤ ደስ ብሎኝም ነበር፣ ይሄን መደበቅ አልችልም።

አባባ ያን ሰሞን የጀመሩት ተረት ረጅም ነበር። አንዲት እናት ከዓባይ ማዶ ለተዳረች ልጇ አንድ ቃል ትልካለች። መልእክተኛው ወንድ ልጇ ነው፤ ክረምት ሳይገባ አድርስ ብላዋለች። እሱም ይወጣል፤ ግን የጫማው ጠፍር ላልቷል ብሎ ተቀምጦ ሲያጠብቅ ይውላል፣ ደህና በትር አየሁ ብሎ ሲጠርብ ይሰነብታል፣ ጉንደ ወይን ገበያ ሲደርስ ደግሞ ወሬ ይይዘዋል። ገደሉን ወርዶ ወንዙ ዳር ሲቆም ዓባይ ሞልቷል። እህቱ ማዶ ቆማ ታየዋለች። ይጮኻል፣ ውሃው ድምፁን ይውጥበታል። እዚህ ላይ አባባ አቆሙና «ቀሪው ነገ» አሉ። ቃሉ ምን እንደነበር አልነገሩንም።

በማግስቱ ማታ እንደ ልማዳቸው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ወንድሞቼ አግዳሚ ሊያመጡ ሄደዋል፤ እናቴና አክስቴ እንስራው ጋ ናቸው። አባባ «ማሬ፣ ነይ ልጨርስልሽ» አሉኝ።

«መጣሁ አባባ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ።»

ትንሽ አልነበረም የቀረኝ። ደግመው ጠሩኝ፤ እኔም ያንኑ መለስኩ። ሦስተኛ አልጠሩኝም። ባለ መስቀሉን ጨርሼ ቀና ስል ፍሙ አመድ ለብሷል፣ እሳቸውም ወደ መኝታቸው ገብተዋል። ነገ እሰማዋለሁ ብዬ ተኛሁ።

ጠዋት አልተነሱም። ለድግሱ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር።

ለቅሶው ምንም አልጎደለበትም፤ ዳሱ ተጥሏል፣ አግዳሚው መጥቷል፣ ጠላው ደርሷል። አክስቴ ዳሱ ደጃፍ ቆማ «ለማን ነበር የምንጣደፈው?» አለች። እኔ አላለቀስኩም። ከቀብር ለተመለሰው ሰው ብርጭቆ አቀብል ነበር፤ «እንዴት ያለች ጠንካራ ልጅ ናት» ሲሉኝ ሰማሁ። ጠንካራ አልነበርኩም። ብርድ እንደያዘው እጅ ደንዝዤ ነበር፤ ዛሬም ያን ቀን ሳስበው ያው ነኝ።

ከአርባው በኋላ አባቴን የተረቱን መጨረሻ ጠየቅኩት። «እስከ ወንዙ ዳር አውቀዋለሁ» አለኝ። «ለእኔም ልጅ ሳለሁ ነግረውኛል። መጨረሻውን በነገሩበት ማታ ግን ሥራ ነበረብኝ።»

አሁን ሞጣ አንድ መሥሪያ ቤት ነው የምሠራው። ባለፈው ሪፖርት ለጠዋት እየተፈለገብኝ ልጄ ተረት ንገሪኝ አለችኝ። ኮምፒዩተሩን ዘጋሁና አጠገቧ ተቀምጬ ይሄንኑ እስከ ወንዙ ዳር ነገርኳት። «እናቱ ምን ብላ ነው የላከችው?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት፤ ታኩርፋለች ብዬ ነበር፣ ክንዴ ላይ ተኛች። ሪፖርቱ ዘገየ፣ ተቆጡኝ። ለአባባ ያልሰጠሁትን ማታ ግን ይሄ አልመለሰልኝም፤ ይመልስልኛል ብዬም አልነበረም።

ብርጭቆዎቹን ከለቅሶው በኋላ እኔው ነኝ የመለስኳቸው። ቀይ ነጥቡ ለቀይ ነጥብ፣ ሰረዙ ለሰረዝ፤ አንድም አልተሰበረ፣ አንድም አልጎደለ። ፀሐይ ሲያርፍባቸው እንዴት ያበሩ እንደነበር ዛሬም ይታየኛል። አባባ ሁለተኛ ሲጠሩኝ ድምፃቸው እንዴት እንደነበር ግን አላስታውስም።