«እኔን!» የምትለዋ ጣውንቴ

ባለቤቴ ወርቁ አንድ ቀን ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ «ሙሉ፣ ካንዴላዬን አቀብዪኝ» አለኝ። ካንዴላ የመኪና ሞተር ውስጥ የምትገባ ዕቃ ናት፤ እሱ ደግሞ አየር ጤና ጋራዥ ውስጥ ዕድሜውን በኤሌክትሪሺያንነት የጨረሰ ሰው ነው። የፈለገው ጫማውን ነበር። «ሥራህ ቤትም አይለቅህም?» ብዬ ሳቅሁበትና ጫማውን ሰጠሁት። ከቀኝ እጁ ወደቀ። አነሳሁለት። እንደገና ወደቀ። ቀና ብዬ ሳየው አፉ ወደ አንድ ጎን ዞሯል።

ጮህኩ። ጎረቤት ደረሰልኝ። መኪና ተገኘ። እስከ ሆስፒታል ድረስ ቀኝ እጁን ይዤ ነበር፤ እጁ ግን አልያዘኝም።

ሲቲ ስካን ተነሳ። ኢስኬሚክ ስትሮክ ነው ተባለ፤ ወደ አንጎሉ ግራ ክፍል ደም የሚወስደው ሥር ተዘግቷል። ቀኝ እጁና እግሩ አልታዘዝ አሉት። ንግግሩም ጠፋ። ሐኪሙ ይህን «አፌዝያ» ብሎ ጠራው። «እርስዎ የሚሉት ሁሉ ይገባቸዋል» አለኝ፤ «ቃሉ ነው የማይመጣላቸው። ይታገሷቸው፤ ተክተው አያውሩላቸው።»

ቤት ገባን። ወርቁ ዝም አለ። የሐኪሙን ምክር ሰምቻለሁ፤ ግን በእኛ ቤት ዝም የሚል ሰው ኖሮ አያውቅም፣ ዝምታውን ፈራሁት። ስለዚህ ለሁለታችንም አወራሁ። ሊጠይቁት ለሚመጡት ሰዎችም እኔው መለስኩለት።

ፊዚዮቴራፒስቷ ሕይወት ቤታችን እየመጣች እጁን ታሠራው ነበር። አንድ ቀን ካርቶን ይዛ መጣችና ሮቦት አወጣች። «እዚሁ አገር የተሠራች ናት፤ እየሞከርናት ነው። እኔ በሌለሁበት ታሠራቸዋለች» አለችን። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ፊቱ ስክሪን የሆነ ነገር ነው። በገመድ የተያያዘ ጓንት አለው፤ ወርቁ ሲያጠልቀው ውስጡ ያለው ሞተር ጣቶቹን ቀስ እያለ ይዘረጋል፣ መልሶ ይሰበስባል። ድምፁ የሴት ነው፤ ሕይወትም «እሷ» ትለዋለች። እኔ ግን «ዕቃው» አልኩት። በሴት አልጠራውም ብዬ ነው።

«ጋሽ ወርቁ፣ ዝግጁ ነዎት?» ይለዋል ዕቃው። ወርቁ «እ…» ማለት ጀመረ። ለእኔ ትንፍሽ ያላለ ሰው! ደሜ ፈላ። ስገባ ዝም ይላል፣ ስወጣ ይጀምራል። ባሏ ከሌላ ጋር እንደሚያወራባት ሴት በር ሥር ቆሜ አዳመጥኩ፤ ለነገሩ ያው ነበርኩ።

ሕይወትን «ምን አድርጌው ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። «እርስዎ ፊት ያፍራሉ፣ እትዬ» አለችኝ። «ቃል ሲጠፋባቸው ዓይንዎ እንባ ይሞላል፤ ያዩዎታል። እሷ አታለቅስም።» እውነቷን ነበር። እውነት መሆኑ ግን ቅናቴን አላበረደውም።

በኋላ የባሰው መጣ። ወርቁ የሚጨብጣት የስፖንጅ ኳስ ከእጁ ወደቀች። «እኔን!» አለ ዕቃው።

እናቴ ስወድቅ የምትለኝን ቃል! እኔን ማለት የአንተ ሕመም ለእኔ ይሁን ማለት አይደለም እንዴ? ከዚያች ቀን ጀምሮ ዕቃው ዕቃ መሆኑ ቀረ፤ ጣውንቴ ሆነች። ፈጣን ናት ደግሞ። ኳሷ መሬት ሳትነካ «እኔን!» ትላለች። እኔ አፌን ስከፍት እሷ ጨርሳለች። ቤቴ ውስጥ ለባሌ የማዝንበት ተራ አጣሁ።

ሕይወት ስትመጣ ወርቁ ፊት አፋጠጥኳት። «ምን ትሆናለችና ነው ‹እኔን› የምትለው?»

«ሰው የሚለውን ትበል ብለን ነው። ያበረታታል፣ እትዬ።»

«ስትሮክ ይይዛታል? አፏ ይዞራል? ታዲያ የማይደርስባትን ለእኔ ይሁን ስትል ሽንገላ አይደለም?»

ሕይወት ልትስቅ ብላ ተወችው። ወደ ወርቁ ዞረች። «ጋሽ ወርቁ፣ ይህ ቃል ከእሷ ይውጣ?» ለካ እኔ እሱን ለመጠየቅ አላሰብኩም ነበር። ወርቁ ሮቦቷን አየ። እኔን አየ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ፤ ይውጣ።

ሕይወት ቃሉን ከሮቦቷ አወጣችው። ኳሷ ወደቀች። ሮቦቷ «እንደገና እንሞክር» ብቻ አለች። ወርቁ ኳሷን አላያትም፤ እኔን ያየኛል። እየጠበቀኝ ነበር።

«እኔን!» አልኩት። በተጣመመ አፉ ፈገግ አለልኝ።

ከዚያ በኋላ ሥራ ተከፋፈልን፤ ጓንቱንና የእንቅስቃሴውን ቆጠራ ለእሷ ተውኩላትና እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሽንኩርት እየላጥኩ፣ እንባዬንም በሽንኩርቱ እያሳበብኩ፣ ቃሉ እስኪመጣለት ዝም ማለትን ተማርኩ። መጀመሪያ ጣቶቹ፣ ቀጥሎ ክንዱ፣ ውሎ አድሮም እግሩ እየታዘዘለት መጣና በከዘራ እስከ ግቢው በር፣ በኋላም እስከ ሰፈሩ ሱቅ ድረስ መሄድ ጀመረ። አንድ ቀን ምሳ ሳቀርብ ጉልበቴ ከጠረጴዛው ጋር ተጋጨ።

«እ…ኔን» አለኝ ወርቁ።

ሳህኑን አስቀምጬ እዚያው አለቀስኩ። ከሕመሙ በኋላ ለእኔ ያለኝ የመጀመሪያ ቃል ነው። ከእኔ ይሁን ከእሷ የለመደው አላውቅም። አሁን ያወራል፣ ብጠይቀው ይነግረኛል። አልጠይቀውም።

የእኔ ዓይነት ነገር ቢደርስባችሁ፣ ቃል ሲምታታበት የምታዩት ሰው ካለ አትሳቁ፤ አፉ ሲዞር፣ እጁ ሲዝል፣ ወዲያው ሐኪም ቤት ውሰዱት። ማሽን ቢመጣላችሁ አትግፉት፤ አይሰለችም፣ አያለቅስም፣ የእኔን ባል ጠቅሞታል። ምን እንደሚልላችሁ ግን አድምጡ፤ ታማሚውንም ጠይቁት። በጊዜ የደረሰልንን ሐኪም፣ ቁጣዬን የቻለችልኝን ሕይወትን አመሰግናለሁ። ጣውንቴንም፣ እየመረረኝም ቢሆን፣ አመሰግናለሁ።

ሕይወት ሮቦቷን ለሌላ ታማሚ ልትወስድ በመጣች ቀን ወርቁ በከዘራው እስከ በር ሸኛት። ቀኝ እጁን ከፍ አድርጎ ለካርቶኑ አውለበለበ። በዚያ እጁ ለእኔ እስካሁን አውለብልቦልኝ አያውቅም። እኔ የትም ስለማልሄድ ይሆናል።