የከበሮው ምልክት ያለበት መጽሐፍ

እኔ ከልጅነቴ አንድ ቦታ መቀመጥ አልወድም፤ የመጣልኝንም እናገራለሁ። ኋላ ሁለተኛ ደረጃ መጨረሴም አላስተካከለኝም። በጣልያን ጊዜ ግን ዘጠኝ ቀን ሙሉ የጨው ጆንያ ላይ ተቀምጬ ጽፌአለሁ።

አባቴ ደብረ ኤልያስ አጠገብ ባለች የገጠር ደብር መሪጌታ ነበሩ። የጣልያን ወታደሮች የቤተ ክርስቲያኑን ዕቃ ቤት ሲያቃጥሉ የዚቁ መጽሐፍ አብሮ ነደደ። በበዓል የሚዘመረው ቃል ብቻ አልነበረም የተጻፈበት፤ ከበሮው የት እንደሚመታ፣ ጸናጽሉ የት እንደሚነሣ በቀይ ቀለም ምልክት ገብቶበታል። ምልክቱን ያስገቡት የአቋቋም መምህር በዚያው ሰሞን ሞቱ። አባቴ ደግሞ የተማሩት ዜማ ነው፤ አቋቋም፣ ማለት የከበሮና የጸናጽሉ ሥርዓት፣ ሌላ ትምህርት ነው። ለደብሩ ንግሥ አንድ ወር ቀርቶታል።

"ከበሮው ዝም ካለ መቋሚያዬን አስረክባለሁ" አሉ። አባቴ ያሉትን ያደርጋሉ።

ከአክስቴ ጋር ፍለጋ ወጣን። አማኑኤል ከተማ ያገኘነው መጽሐፍ ጽሕፈቱ ያማረ ነው፤ ምልክት ግን አንድም የለበትም። ቀጥሎ ከአንድ ቄስ ለምኜ ምልክት እንደ በርበሬ የተነሰነሰበት አገኘሁ። እየዘለልኩ አመጣሁት። አባቴ ከዓይናቸው አስጠግተው አዩና ዘጉት።

"የሌላ ጉባኤ ቤት አቋቋም ነው። ምቱ ይለያል።"

"ታዲያ ማን ያውቃል? ባላገሩ ከበሮ ይስማ እንጂ!"

"እኔ አውቃለሁ። መልሺ።"

እየተነጫነጭኩ መለስኩ። ቄሱ አዘኑልኝ መሰል፣ "የእናንተ ቤት ምልክት ያለበት መጽሐፍ የነበረው መሪጌታ ደብረ ማርቆስ ነበር" አሉኝ። "ጫካ ገባ። መጽሐፉን ለአንዲት እስላም ባለሱቅ አደራ ሰጥቷል።"

ደብረ ማርቆስ ሄጄ አገኘኋቸው፤ ባለሱቋ ጨውና ክር የሚሸጡ መበለት ናቸው። የሚቀመጡበት የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ነበር መጽሐፉ። ወታደሮች ሁለት ጊዜ ሱቁን ሲበረብሩ ከሣጥኑ ሳይነሡ ክር ሲሸጡ ነበር። የአርበኛ ዕቃ ቢገኝባቸው ምን እንደሚደርስባቸው አጥተውት አይደለም።

"ይዤው ልሂድ?" አልኳቸው።

"ከዚህ አይወጣም። ባለቤቱ ካስቀመጠበት ያገኘዋል።"

"ባይመለስስ?"

"አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ያዢ! ይመለሳል። አባትሽ ይምጡና እዚሁ ይዩት።"

አባቴ መጡ። ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ቀጂዋ እኔ ሆንኩ። ባለሱቋ ለስፌት አክርማ ማቅለሚያ የሚሸጡትን ቀይ ቀለም በጥብጠው ሰጡኝ። እኔ ቃሉን፣ ከላዩም በቀይ ምልክቱን ወረቀት ላይ እገለብጣለሁ፤ አባቴ በለሆሳስ እያዜሙ ምቱን ባዶ የላምባ ቆርቆሮ ላይ ይሞክራሉ።

"መሪጌታ፣ ቀስ ይበሉ! ገበያተኛው ሠርግ መስሎት ይገባል" አሉ ባለሱቋ።

"ይግባ፣ ጨው ይግዛ።"

አንድ ቀን የገባው ግን ባንዳ ነበር። ባለሱቋ ነጠላቸውን መጽሐፉ ላይ ጣል አደረጉ።

"ምንድነው የሚደበደበው?" አለ።

"ቆርቆሮው ቀዳዳ እንዳለው እያዩልኝ ነው።"

አባቴ ቆርቆሮውን አንሥተው ወደ ብርሃን እያገላበጡ፣ "ደህና ነው፣ እሜቴ" አሉ። ባንዳው ክር ገዝቶ ወጣ። እኔ ነጠላውን ለማንሣት ስጣደፍ ቀለሙ የጻፍኩት ገጽ ላይ ፈሰሰብኝ። ባለሱቋ ሌላ በጠበጡ፤ አባቴም ያንን ገጽ እንደገና አስጻፉኝ።

በንግሡ ቀን ሴት ነኝና ቅኔ ማኅሌት አልገባሁም፤ በሴቶች በኩል ቆሜ ጆሮዬን ጣልኩ። ቀለም የፈሰሰበት ገጽ ሲደርስ ወደ መጋረጃው ተጠጋሁ። ጸናጽሉ ተነሣ። ከበሮው መጀመሪያ ቀስ፣ ከዚያ ጠበቅ፣ ከዚያ ሞቅ እያለ ሄደ፤ ልክ እንደጻፍኩት። አባቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወዘወዝ ይሉ ነበር። ያስረከቡት ነገር የለም።

በሚቀጥለው ገበያ ባለሱቋ ገና ከበር ሲያዩኝ፣ "ከበሮው ተመታ?" አሉ።

"ተመታ።"

"ባለቤቱ ሲመጣ እነግረዋለሁ" አሉና ሣጥናቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ።