የኃይለመስቀል አረንጓዴ ቀለም

ጣሊያን ከወጣ አሥር ዓመት ግድም ነው። በዚያ ዘመን ሐረር ውስጥ አንድ ካሚዮን በማን እጅ እንደታደሰ ማወቅ የፈለገ ሰው ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ማየት ይበቃው ነበር። አረንጓዴ ነገር ካየ የኃይለመስቀል ሥራ ነው። ኃይለመስቀል ጋራዡ ከሸዋ በር ወጣ ብሎ፣ ቤቱ አቦከር ሰፈር፣ የፈታውን ዕቃ ሳይቀባ የማያስረክብ መካኒክ ነበር። «ያልተቀባ ሥራ ፊቱን ሳይታጠብ አደባባይ እንደ ወጣ ሰው ነው» ይላል። ነጋዴዎቹ ይስቁበታል፤ መኪናቸውን ግን ለሌላ አይሰጡም።

ከነዚህ አንዱ የጀጎሉ ሙሜ ነበር። ሙሜ ዓመቱን ሙሉ ድንችና ሽንኩርት ሲያመላልስ ከርሞ፣ ታኅሣሥ ሲመጣ የአቦከርን ክርስቲያኖች ለገብርኤል በዓል ቁልቢ ያደርሳል። በዚያ ዓመት በዓሉ ሲቃረብ የካሚዮኑ ካምቢዮ፣ የማርሹ ሳጥን፣ ጥርሱ ረገፈ። ኃይለመስቀል ከአንድ ገደል ከገባ ካሚዮን ላይ ሌላ ካምቢዮ አገኘ፤ አጠበው፣ እንደ ልማዱም ብሎኖቹን ሳይቀር አረንጓዴ ቀባና ሲደርቅ ገጠመው።

በበዓሉ ዋዜማ ጠዋት ተሳፋሪው ስንቁን ተሸክሞ ጋራዡ በር ላይ ተሰበሰበ። የኃይለመስቀል ሚስት ብርነሽም ባለ ዘርፍ ጃንጥላ በነጠላ ጠቅልላ ይዛ መጥታለች። ባለፈው ዓመት መኪና ማንሻው ክሪክ ተንሸራቶ ካሚዮን ባሏ ላይ ሲወርድበት፣ «ገብርኤል ካወጣልኝ በዓመቱ ጃንጥላ ይዤ እመጣለሁ» ብላ ተስላ ነበር። ባሏ ከጎድን ስብራት በቀር ምንም ሳይሆን ወጣ። ስለቱ የሚገባው ነገ ነው።

ሙሜ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ጸጥ አለ።

«ባትሪው ደክሞ ይሆናል» አለ ኃይለመስቀል፤ ማኒቬላውንም አስገብቶ በእጁ ያዞር ጀመር። ሞተሩ ይዞራል፣ አይነሣም። እሳት ከሚተፉት ካንዴላዎች አንዱን ፈትቶ ከነገመዱ ሞተሩ ላይ አስተኛና ማኒቬላውን ለሙሜ ሰጠው። ሙሜ አዞረ። ካንዴላው ጫፍ ላይ ቅንጣት እሳት አልታየም። እሳቱን የሚያቋርጠውንና የሚያገናኘውን ፑንቲና አጸዳ፤ እሳት የሚያመነጨውን ቦቢና ከሌላ ካሚዮን አውልቆ ለወጠ። አሁንም እሳት የለም።

ስንቃቸው ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ ባላምባራስ ወልደ ጊዮርጊስ፣ አላስቻላቸውም። «የለወጥከው ካምቢዮ አይደለም እንዴ ልጄ? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው።»

«ካምቢዮና እሳት ምን አገናኛቸው አባቴ? አንዱ ጥርስ፣ አንዱ መብረቅ!»

ብርነሽ ጠጋ አለች። «ገብርኤል ከካሚዮን ሥር ያወጣህ እኔ በእግሬ ቁልቢ እንድሄድ ነው? ሌላ መኪና ልፈልግ?»

ኃይለመስቀል በነጠላ የተጠቀለለውን ጃንጥላ አየ። ለእሱ ነፍስ የተሳለው ጃንጥላ፣ እሱ በሠራው መኪና እምቢታ በሌላ ሰው መኪና ሊሄድ ነው።

ሙሜ ላቡን ጠረገ። «ወላሂ ክንዴ አለቀ! ባትሪው ደክሟል ትላለህ፤ ይኸው መብራቱን እየው፣ እንደ መውሊድ ሌሊት ቦግ ብሏል።»

ኃይለመስቀል መብራቱን አየና ቆም አለ። እውነት ነው፣ ባትሪው ደኅና ነው። መብራቱ የታሰረው በመኪናው አጥንት፣ በሻንሲው ላይ ነው፤ ሞተሪኖውና እሳቱ ግን ያሉት ሞተሩ ላይ። ሞተሩ ደግሞ የተቀመጠው በጎማ ትራስ ላይ ነው፤ ጎማ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። የሄደው ኤሌክትሪክ ወደ ሻንሲው የሚመለስበት መንገድ አንድ ነው፤ መካኒኮች ማሳ የሚሉት፣ ከሞተሩ ጋር ከተገጠመው ካምቢዮ ወደ ሻንሲው የሚታሰር የመዳብ ጉንጉን። ያሰረው ራሱ ነበር።

ከሥር ገባ። ጉንጉኑ በቦታው አለ፣ ብሎኑም ጠብቋል። ነገር ግን ከጉንጉኑ ሥር፣ በብሎኑ ጥርስ፣ በቀዳዳው ውስጥ ሁሉ አረንጓዴ ቀለም ያብረቀርቃል። ቀለምም እንደ ጎማ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ኃይለመስቀል በጀርባው ተኝቶ ቀለሙን ሲያይ ቆየ።

«ምነው፣ ተኛህ እንዴ?» አለ ሙሜ።

«ወፍራም ሽቦ አቀብለኝና ማኒቬላውን ያዝ።»

የሽቦውን አንድ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ራቁቱን ባለ የሻንሲ ብረት ላይ ይዞ «አዙር!» አለ። ካንዴላው ጫፍ ላይ ሰማያዊ እሳት ጠቅ፣ ጠቅ አለ።

«ያ ረቢ! መጣ!»

«ምን ሆኖ ኖሯል?» አሉ ባላምባራስ።

ሰዉ ሁሉ ያየዋል። ሽቦ ተበጥሶ ነው ቢል የሚያውቅበት አልነበረም።

«ቀለሜ ነው» አለ። «አሳምሬ መንገዱን ዘጋሁበት።»

«ፊቱን አጥብለታለሁ ብለህ አፍንጫውን ደፈንከው በለኛ!» አለች ብርነሽ፤ ጋራዡ በሳቅ ሞላ።

በካራ ፋቀው፤ ብረቱ ነጭ እስኪሆን ድረስ። ብሎኑን መልሶ አጠበቀ። ሙሜ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ተነሣ። መንገደኛው እየተጋፋ ካሚዮኑ ላይ ወጣ፤ ኃይለመስቀልም እጁን እንኳ ሳይታጠብ ከሚስቱ ጎን ተቀመጠ። ሙሜ አወዳይ ላይ ለምሳ ሲቆም ሞተሩን አላጠፋም፤ «እስከ ቁልቢ አልነካውም!» ብሎ ማለ። ጃንጥላው በቀኑ ገባ።

ኃይለመስቀል ከዚያ በኋላም መቀባቱን አልተወም። ማሳው የሚታሰርበትን ቦታ ብቻ ገላጣ ይተዋል። ያቺ ቦታ ዝገት ስትይዝ ግን አያስችለውም፤ የሠራው መኪና ጋራዡ ደጃፍ በቆመ ቁጥር ዝገት የሚከላከል ግራሶ ሊቀባት ይዞ እያጉረመረመ ከሥሩ ይገባል።