በቀትር የተፈታው ሳጥን

ኔትወርካችንን በየቀኑ የሚያጠፉትን ሰው ዛሬ ቡሬ ላይ እጅ ከፍንጅ ያዝኳቸው። ከዚያ ትከሻቸውን ስሜ ተመለስኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቡሬው ዱቄት ፋብሪካችን ኔትወርክ ሦስት ሳምንት ሙሉ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ይጠፋል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይመለሳል።

እኔ የኮምፒውተር ባለሙያው ፍኖተ ሰላም ዋናው ቢሮ ቁጭ ብዬ ያልመረመርኩት የለም። ቫይረስ ነው ብዬ ኮምፒውተሩን ሁሉ አጸዳሁ። አለቃዬም "ከአዲስ አበባ ባለሙያ እናስመጣ እንዴ?" ማለት ጀምረው ነበር። (የዚህች ጥያቄ ትርጉም "አንተ አልቻልክም" ነው።)

ዛሬ በጠዋት ሚኒባስ ሄጄ ኔትወርኩን የሚያከፋፍለው ሳጥን ካለበት ክፍል ተቀመጥኩ። ስድስት ሰዓት ሲሆን የጥበቃ ሠራተኛችን አያ ሞላ ገቡ፤ ሳጥኑን በእጃቸው ዳበስ አድርገው ሶኬቱን ነቀሉት።

"አያ ሞላ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"ይረፍ እንጂ ልጄ። በሬስ በቀትር ይፈታ የለም? ይኸ ግን ቀንም ሌትም ተጠምዶ እንደ እሳት ይፋጃል።"

ልስቅ ስል እኔም ነካሁት። እውነትም ይፋጃል። ከፍቼ ባየው ማራገቢያው በዱቄት ብናኝ ታፍኖ ቆሟል። እሳቸው ባያሳርፉት ኖሮ ይኼኔ ተቃጥሎ ነበር።

ብናኙን ጠርጌ ሶኬቱን ስሰካው ማራገቢያው ዞረ። አያ ሞላ እጃቸውን ጭነውበት ጥቂት ቆዩና "አሁን ይረስ" ብለው ወደ በራቸው ተመለሱ።

እኔ ሦስት ሳምንት ስመረምረው አንድ ቀን እንኳ በእጄ አልነካሁትም።

እናንተስ ቢሮ እንዲህ ያለ ሰው አለ? ጻፉልኝ፤ ለአያ ሞላ አነብላቸዋለሁ።