ከጌዶ አይቼ የደበቅሁት

አምቦ ውስጥ የሰፈራችን እድር ዳኛ ሆኜ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። ድንኳናችን አያፈስም፣ የለቅሶ ሥርዓታችን በአገሩ ይወራል። በደርግ ጊዜ ነው፣ ክረምት ሊገባ ሲል አባሎቹ፣ «የጌዶ እድር ጎበዝ ነው አሉ፣ ሄደው አይተው ይምጡ» ብለው ላኩኝ። እኔን! ከጌዶ ልማር! በእህል ጫኝ መኪና እየተንገጫገጭኩ ሄድኩ።

የጌዶው ዳኛ በዕድሜ ያንሰኛል። ድንኳናቸው የተጣፈ ነው፤ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ግን አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ቤት ወሰደኝ። ከቀብሩ ሁለት ወር አልፎታል። ጓሮ አንዱ እንጨት ይፈልጣል፣ አንዷ ውሃ ቀድታ ገባች።

«ዛሬ የእነሱ ተራ ነው» አለኝ። «ነገ የሌላ ቤት ነው። እስከ መንፈቅ እንዲህ ነን።»

እኛ ዘንድ ሰው ሁሉ በሦስቱ ቀን ይጎርፋል፣ ንፍሮው ተርፎ ይሻግታል። ድንኳኑ ሲነቀል ባሏ የሞተባት ከልጆቿ ጋር ብቻዋን ትቀራለች። ይህን ድሮም አውቃለሁ። ምነው እኔ ሳላስበው ብዬ ቀናሁ። ምሳ ጋበዘኝ፣ መኪና ያመልጠኛል ብዬ ተነሳሁ።

ስመለስ «ምን አዩ?» አሉኝ።

«የተጣፈ ድንኳን» አልኩ። ሳቁ። በዚያው ቀረ።

ክረምቱ ሲወጣ የጌዶው ዳኛ በፈንታው እኛን ሊጎበኝ መጣ። ስብሰባ ላይ ተነስቶ፣ «ኦቦ፣ ያንን ያዩትን ተራ ጀመራችሁ ወይ?» አለኝ።

«የምን ተራ?» አሉ ሰዎቹ። አንድ በአንድ ነገራቸው። በዚያው ክረምት ባሏን የቀበርንላት ጎረቤቴ ከኋላ ተነሳች።

«ዳኛችን፣ ይህን አይተው ነው ዝም ያሉት? እኔ ልጆቼን ይዤ ዝናብ ሲወርድብኝ?»

«ረስቼው ነው» አልኩ።

«ድንኳኑንማ አልረሱም!» አለ አንዱ። ሳቁ አሁን በእኔ ሆነ።

ተራው እዚያው ተወሰነ፤ መጀመሪያ እኔን አደረጉኝ። በማግስቱ መጥረቢያዬን ይዤ እሷ ቤት ሄድኩ። የሚያፈሰውን ጣሪያ ደፈንኩ፣ እንጨቷን ፈለጥኩ። ወገቤ ተቆረጠ፣ ግን ሳልጨርስ አልሄድም አልኩ። ስወጣ እስከ በር ሸኘችኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች፤ ፊቴ በራ። «የጌዶውን ሰውዬ ሲያገኙት ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።»

እሺ አልኳት። ከዚያ ወዲህ ሰውየውን ስንት ጊዜ አገኘሁት። አላደረስኩም።