በአንደኛ ማዕረግ የበላነው

በአውሮፕላን አንደኛ ማዕረግ ተቀምጬ የበላሁት በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዴ ስሄድ፣ አንዴ ስመለስ። ሁለቱንም ጊዜ አጠገቤ የተቀመጠው አለቃዬ ነበር። ሰው ሲበላ አይቼ የእሱን ያህል የናቅሁት የለም። ይህን የምለው ብዙ ሰው ሲበላ ስላየሁ ነው፤ ሥራዬ ነበር።

አሶሳ ሰፈራ ጣቢያ የቤት ኢኮኖሚክስ ባለሙያ ነበርኩ። ስሙ ሲጠራ ትልቅ ነገር ይመስላል። ሥራው ግን በድርቁ ምክንያት ከወሎ ተጭነው የመጡ እናቶችን፣ የማያውቁትን እህል እንዴት እንደሚበሉ ማስተማር ነው። መንደሮቹ ቁጥር እንጂ ስም አልነበራቸውም። በቆሎና አኩሪ አተር በጭነት መኪና ይመጣል፣ እኔ በማግስቱ ተከትዬ እደርሳለሁ። አኩሪ አተሩን አስቀቅዬ፣ አስፈጭቼ፣ ከበቆሎ ዱቄት ጋር አስለውሼ ገንፎና ቂጣ አሠራለሁ። ሣር ሣር ይሸታል። እኔ ራሴ ቤቴ ሠርቼ በልቼው አላውቅም።

ሁልጊዜ ከፊት የሚቀመጡ አንዲት ጠና ያሉ እናት ነበሩ፤ ባላቸውን መጠለያ ጣቢያ ቀብረው፣ ከአንዲት የልጅ ልጃቸው ጋር የመጡ። አንድ ቀን ቂጣውን ይዘው አገላብጠው ሲያዩት ቆዩና፦

«አንች ልጅ፣ ይኸን ቤትሽ ትበይዋለሽ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እማማ።»

«እስቲ ወላሂ በይ።»

አላልኩም። እሳቸውም ቂጣውን አጠገባቸው ላለችው ሴት አቀበሏት። አሶሳ ገበያ ባምያና የቀርከሃ ቡቃያ የምትሸጥ አንዲት የአገሬው የበርታ ሴት ነበረች። ባለፍኩ ቁጥር «ብላ፣ ብላ፣ ጥሩ ነው» እያለች፣ አማርኛው ስለማይቀናት እንደ ወንድ እየጠራችኝ ታቀምሰኛለች። የእኔ የዓመት ትምህርት ከእሷ ከሁለት ቃሏ አይደርስም ነበር። እሷ የምትሸጠውን እያላመጠች ነበር የምትሸጠው።

አለቃዬ ከአዲስ አበባ በትንሽ አውሮፕላን ይመጣል። ሕዝቡን ዛፍ ሥር ያሰበስብና፣ ቀበቶውን ከፍ አድርጎ፣ «ጤፍ፣ ጤፍ እያላችሁ አታላዝኑ! ሆድ የሰጡትን ይለምዳል። አማርጦ መብላት የፊውዳል አመል ነው!» ይላል። ይጨበጨባል። ከዚያ እንግዳ ማረፊያው ይገባና በግ ይታረድለታል፤ ከጎድኑ ካልሆነ አይበላም። አንድ ጊዜ የመጋዘን ጸሐፊው ተሳስቶ «ጌታዬ» ቢለው፣ «ጌታ ድሮ ቀረ! ጓድ በል!» ብሎ በሰው ፊት አዋርዶታል።

እንግዲህ ከዚህ ሰው ጋር ነው ሮም የሄድኩት። ስለ ምግብ የሚመክር ስብሰባ ነበረ። አብሮት ሊሄድ የነበረው የመምሪያ ኃላፊ በመጨረሻው ሰዓት ሌላ ቦታ ተላከ። አንዱ «ከመስክ አንዲት ሴት ብትሄድ ለፎቶም ያምራል» አለና ትኬቱ በእኔ ስም ተቀየረ። ትኬቱ የአንደኛ ማዕረግ ነበር። ጫማ ከጓደኛዬ ተውሼ ሄድኩ።

ገና ሳንነሳ አስተናጋጇ በብር ሳህን ትኩስ ፎጣ አመጣች። አለቃዬ ፊቱን፣ አንገቱን፣ ከዚያ ብብቱን ጠረገበት። ቀጥሎ የምግቡ ዝርዝር መጣ። ወፍራም ወረቀት ነው፣ መሃሉ ላይ የሐር ክር ታስሮበታል። የተጠበሰ የበሬ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ዶሮ ወጥ፣ አይብ በዓይነት በዓይነቱ። አለቃዬ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበና አስተናጋጇን ጠራት።

«ከዚህ ውስጥ ውዱ የቱ ነው?»

«ሁሉም ትኬቱ ውስጥ የተካተተ ነው፣ ጌታዬ።»

ጌታዬ አለችው። አላረማትም። እንዲያውም ወንበሩ ላይ ተመቻቸ።

«ገብቶኛል። ግን ውዱ የቱ ነው?»

ልጅቷ ግራ ተጋብታ ጥቁር የዓሣ እንቁላል የሚሉትን አሳየችው። አምጪ አለ። በትንሽ ሳህን፣ በበረዶ ላይ ተቀምጦ መጣ። አንድ ማንኪያ ሙሉ ጎረሰ። ዓይኑ እንባ ሲያቀርር አየሁት። ጉንጩ አበጠ፣ ጉሮሮው ወጣ ወረደ። ግን በመተላለፊያው ማዶ የተቀመጠ ፈረንጅ ያንኑ እየበላ ስለነበር፣ በወይን ገፍቶ ዋጠውና «ግሩም ነው» አለኝ። ከዚያ ሥጋውን አዘዘ። ቀጥሎ ዶሮ ወጡን። ዶሮው ሲመጣ ሁለት እንቁላል ለምን አልሆነም ብሎ ጠየቀ።

እሱ ብቻ አይደለም። ከፊታችን ጣቷ በወርቅ የተሞላ ነጋዴ ሴት ነበረች። ያለውን ሁሉ አስመጥታ ሁሉንም በሹካ ጫፍ ነካ ነካ አድርጋ መለሰችው። የባለቤቷ ሹመት ከአንገቷ አቀማመጥ የሚታወቅ ሌላዋ ደግሞ ዳቦውንና ቅቤውን በናፕኪን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ የጨው መነስነሻውንም አስከትላ። ማዶ ያለው ፈረንጅ ያችን የዓሣ እንቁላል ከበላ በኋላ ሌላውን ሁሉ በእጁ መልሶ፣ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ተኛ። አለቃዬ አዘነለት።

«ይሄ ሞኝ ነው። ያን ሁሉ ከፍሎ ይተኛል?»

እኔስ? እኔም በላሁ። መጀመሪያ አልበላም ብዬ ነበር፤ እናቶቹ ትዝ አሉኝና። ከዚያ የሥጋው ሽታ መጣ። እስከ መጨረሻው በላሁት፣ መረቁንም በዳቦ ጠረግኩት። ቸኮሌት ሲዞር ሁለት አነሳሁ። ስለዚህ የምንቀውን ሰው ስቆጥር ከራሴ መጀመር ነበረብኝ፤ ያን ጊዜ ግን በእሱ መጀመሩ ቀሎኝ ነበር።

ስለ ስብሰባው የምለው ብዙ የለም። አለቃዬ ሰፋሪው አዲሱን ምግብ በደስታ ተቀብሏል ብሎ አነበበ። እኔ ተነስቼ ፎቶ ተነሳሁ።

ስንመለስ ነው ነገሩ የከፋው። ምግብ የሚታደለው ከፊት ወደ ኋላ ነበርና እኛ ጋ ሲደርስ የበሬው ጥብስ አንድ ሰሃን ብቻ ቀርቶ ነበር። አስተናጋጇ፣ ሃያ ዓመት የሚሆናት ቀጭን ልጅ፣ ሴት ትቅደም ብላ ይመስለኛል ለእኔ ሰጠችኝ።

«ለእርስዎ ዓሣ ወይም ዶሮ ላምጣልዎት ጌታዬ? ጥብሱ አልቋል።»

«አልቋል?» አለ አለቃዬ። «አንደኛ ማዕረግ ተቀምጬ አልቋል እባላለሁ? ስምሽ ማን ነው?»

ልጅቷ ስሟን ነገረችው። ከደረት ኪሱ ማስታወሻ ደብተር አወጣና ጻፈው። በዚያን ጊዜ ስም እንዲያ ባለ ሰው ደብተር ላይ መስፈር ምን ማለት እንደሆነ የኖረበት ያውቃል። ልጅቷም ታውቃለች። ከዚያ አለቃዬ ወደ እኔ ሰሃን ዞረ።

«ገና አልነካሽውም አይደል?»

ገፋ አደረግኩለት። ሹካውን አነሳ።

«ጓድ፣» አልኩ ቀስ ብዬ፣ «ልጅቷ እኮ ጥፋት የለባትም። ስሟን ቢሰርዙላት።»

«አንቺ ምግብሽን ብዪ።»

ምግቤ እፊቱ ነበር። እሱ በላ፣ ስቡን ለይቶ ሰሃኑ ጠርዝ ላይ ደረደረ፣ ጥርሱን ጎረጎረና እንቅልፍ ወሰደው። ሲያንኮራፋ ልጅቷ መጥታ በነጭ ናፕኪን የተጠቀለለ ነገር እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ፦ ዳቦ፣ የአይብ ቁራጭ፣ ጥቂት ቸኮሌት። «ስለተናገሩልኝ» አለችኝ። ከዚያ በላይ ያሳፈረኝ ነገር የለም፤ ምን ተናገርኩና።

ያን ጥቅል ይዤ አሶሳ ገባሁ። መንደር ስሄድ ከፊት ለሚቀመጡት እናት ሰጠኋቸው። ቸኮሌቱን ለልጅ ልጃቸው አቀበሉ። አይቡን ግን ፈቱት፣ አሸተቱት፤ አረንጓዴ የደም ሥር የመሰለ ነገር በውስጡ ነበረው።

«ይኸማ ሻግቷል» አሉ።

«አይ እማማ፣ አሠራሩ እንዲያ ነው። ትላልቅ ሰዎች ናቸው የሚበሉት።»

እናቶቹ ተቀባብለው አሸተቱት፣ አፍንጫቸውን ያዙ፣ ከዚያ ሳቅ በሳቅ ሆኑ። እዚያ መንደር እንደዚያ ሲሳቅ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«ምስኪኖች» አሉ እናትየው እንባቸውን እየጠረጉ። «ይኸን ለመብላት ነው አየር ላይ የሚወጡት?»

ሳምንት ሳይሞላ አለቃዬ ፎቶ አንሺ አስከትሎ መጣ። ሮም ላይ ያነበበውን የሚያሳይ ፎቶ ለጋዜጣ አስፈልጎ ነበር። እናቶቹ የአኩሪ አተሩን ገንፎ ሠርተው፣ ልብሳቸውን አጥበው ተሰልፈው ጠበቁት። እናትየው ሰሃኑን በሁለት እጃቸው አቀረቡለት። አለቃዬ ወደ ካሜራው እየሳቀ ጎረሰ። ብልጭ አለ። ፎቶ አንሺው «አንድ ጊዜ ይደገም» አለ፤ ደገመ። ብልጭ አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ መኪናው አዙሮ ሁለቱንም ጉርሻ መሐረቡ ላይ ተፋው። ለማያውቀው ፈረንጅ ብሎ የዓሣ እንቁላል የዋጠ ሰው፣ ለእነሱ ሲሆን አንዲት ጉርሻ አልወርድ አለችው።

እናትየው አይተውታል። ሰሃኑን ከእጁ ተቀበሉና፦

«ተወው ጌታው፤ እኛም አልወደድነው» አሉት።

«ጌታ ድሮ ቀረ» አላለም። መኪና ውስጥ ገባ።

ማታውኑ ሪፖርቱን አስጻፈኝ፦ ሰፋሪው አዲሱን ምግብ ወዶታል፣ አቅርቦቱ ይቀጥል። ጻፍኩ። ፈረምኩም። እጄን ይዞ ያስፈረመኝ አልነበረም፣ ደመወዜም ያን ያህል የሚያሳሳ አልነበረም። ፎቶው ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ እሱም ከፍ ወዳለ ወንበር ተዛወረ። የዚያች አስተናጋጅ ነገር ከምን እንደደረሰ አልጠየቅሁም፤ ማንን እንደምጠይቅ አላውቅም ነበር፣ ወይም አላውቅም ማለቱ ተስማምቶኝ ነበር።

አኩሪ አተሩ መምጣቱን ቀጠለ። እናትየው ግን በሚቀጥለው በጋ የልጅ ልጃቸውን አዝለው፣ ከሌሎች ጋር ሆነው በእግራቸው ወደ አገራቸው ጠፉ። ዓባይን በየት በኩል እንደተሻገሩ፣ መሻገራቸውንም የነገረኝ የለም። የሚሄዱ መሆናቸውን መንደሩ በሙሉ ያውቅ ነበር። ለእኔ አልነገሩኝም። እኔ ብሆን ለእኔ አልነግርም ነበር።