ቁመቱን ያሳጠርኩት ዶክተር

የማንበቢያ ወንበሬን ቀሙኝ። የቀሙኝ አሥራ አራት ሴቶችና ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ከሄርዝል ጎዳና ገባ ብሎ ባለው ሞዓዶን፣ በአረጋውያን መዋያው፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት የሚሰበሰቡ። እጅ አውጥተው ነው የቀሙኝ። አንዱ ሽማግሌ ሁለቱንም እጁን አወጣ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት ሐኪም ቤት ወረቀት ሲሰጡኝ «መነጽሬን ቤት ረሳሁ» እል ነበር። መነጽር አልነበረኝም። እዚሁ አገር የተወለደችው የሞዓዶኑ አስተባባሪ «አባባ፣ እርስዎ ያንብቡላቸው፣ እሺ፣ ቤሰደር?» ስትለኝ ወንበሩን መስኮቱ ሥር አስጠግቼ ተቀመጥኩ። በሕይወቴ ሰው ሳያቋርጠኝ የሰማኝ እዚያ ወንበር ላይ ብቻ ነው። ልጆቼ እንኳ በዕብራይስጥ ያቋርጡኛል።

መጽሐፉ ሽፋኑ የተገነጠለ የፍቅር ልብ ወለድ ነበር። ባለታሪኩ ዶክተር ነው። ጥርሱ እንደ ወተት፣ መኪናው ነጭ፣ አንዲት መምህርት ወድዶ ይከተላታል። የመጀመሪያውን ማክሰኞ እንደተጻፈው አነበብኩ። ግማሾቹ አንቀላፉ። እኔም ተናደድኩ። እንዲህ ያለ ሰው ፍቅር ምን ያደርግለታል? የትም ቢሄድ ወንበር የሚለቅለት ሞልቷል። ሴት ብትወደው ምኑ ይደንቃል? ዝናብ ወደ ታች ዘነበ ብሎ መጽሐፍ መጻፍ ነው።

በሁለተኛው ማክሰኞ «እንደ ጽድ የተመዘዘ ቁመናው» የሚል መስመር ላይ ደረስኩና ምላሴ እምቢ አለኝ። «አጭር ነበር» ብዬ አነበብኩ።

አንዷ ቀና አለች። «ምን ያህል አጭር?»

«እኔን ያህላል» አልኩ፣ ዓይኔን ከመጽሐፉ ሳላነሳ።

«ውይ!» አለች። ግን አላንቀላፋችም።

ከዚያ ወዲያ መልሼ አላስረዘምኩትም። ዶክተርነቱንም ነሥቼ «ቢሉ ሴንተር» የሚባለው የገበያ ማዕከል በር ላይ ቦርሳ የሚፈትሽ ጥበቃ አደረግሁት። የኔም ሥራ ያው ነው፤ ሌላ ሥራ በደንብ አላውቅም። ሲነሣ ጉልበቱ ይንቋቋል። ክፉ ቃል አይናገርም፣ ደግ ቃልም እምብዛም። መምህርቷ ደብዳቤ ብትጽፍለት አንብቦ ለመጨረስ ሁለት ቀን ፈጀበት።



«ሞኝ ነው እንዴ?» አለ ያ በኋላ ሁለት እጁን ያወጣብኝ ሽማግሌ።

«ሞኙስ አንተ!» አሉት ሰማንያ ያለፋቸው፣ ሁልጊዜ ከፊት የሚቀመጡ እናት። «ሁለት ቀን ሙሉ ከእጁ አልወጣችም ማለት እኮ ነው። የኔው ባል፣ አፈሩ ይቅለለውና፣ ሰባት ልጅ ስወልድለት ፊቴን በቅጡ አላየውም።»

በሳምንቱ መቀመጫ ጠፋ። ከጎረቤት ከተማ ከነስ ጽዮና ድረስ የመጡ ነበሩ።

ጥፋቴ ይሄ ነው፦ አያት ሰጠሁት። እኛ ዘንድ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። ይህን ሕፃን ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ግን ወሬ ሲያልቅብኝ ለጥበቃው የገዛ አያቴን፣ ሸማኔውን፣ ከነስሙና ከነመንደሩ አዋስኩት። ለመምህርቷ ደግሞ በልጅነቴ የማውቃትን የወንዝ ማዶዋን ሸክላ ሠሪ ቅድመ አያት አድርጌ ሰጠኋት። ሊጋቡ ሲሉ እኚያ እናት ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ።

«ቆይ ቆይ። የሸክላ ሠሪዋ እናትና የሸማኔው አባት የአንድ እናት ልጆች አይደሉም እንዴ?»

ሌሎቹም ጣታቸውን አጠፉ። ቤቱ ሁሉ ጣት ሆነ።

«አምስት ቤት ነው!» አለች አንዷ። «እህቱ ናት! ጉድ!» ሌላዋ አለቀሰች።

«መጽሐፉ ተሳስቶ ይሆናል» አልኩ። ሁለተኛው ጥፋቴ ይሄ ነው።

«እስቲ አምጣው» አለች ከኔ ጋር ፊደል የቆጠረች ሴት። ከኔ ዘግይታ ነው የጨረሰችው፤ ይታወቅልኝ። ገጹን በጣቷ ተከተለች። «ሸማኔ የለም» አለች። ገለጠች። «ጥበቃም የለም። እዚህ ያለው ዶክተር ነው።»

አስተባባሪዋ «ያላ፣ አትጣሉ» ብትልም እጅ ወጣብኝ። ቀጣፊ ተባልኩ። ወር ሙሉ በወንድምና በእህት ፍቅር አስለቀሰን ተባልኩ። ወንበሩን ያቺው ሴት ወሰደች።

እሷ እንደተጻፈው ታነባለች። ነጥብ አትስትም። ዶክተሩ ቆመ፣ ዶክተሩ መኪናውን ነዳ፣ ዶክተሩ ፈገግ አለ። እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጬ የሚያንቀላፉትን እቆጥራለሁ። መጀመሪያ ሰባት፣ ከዚያ ዘጠኝ፣ ከዚያ የሚቆጠረውም ሰው አነሰ። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው፤ ውሸት ደግሞ ተከልክያለሁ።

በዓላችን ሲግድ ባለፈ በእሑዱ እኚያ እናት ሥራዬ ቦታ መጡ። ቦርሳቸውን ከፈቱልኝ። ሽንኩርትና መድኃኒት ነበር።

«አንተ ልጅ» አሉኝ። ስልሳ ስድስት ዓመቴ ነው።

«አቤት።»

«ያ ሰውዬስ?»

«የትኛው?»

«አላወቀም እኮ! ጉልበቱ የሚንቋቋው ነዋ።»

«እናንተ አይደላችሁ የከለከላችሁት?»

ከኋላቸው ሰልፍ ቆሟል። አንዱ በዕብራይስጥ አጉረመረመ። እሳቸው ዞር አላሉም።

«የከለከልነው ዝምድናውን ነው፣ ሰውዬውን አይደለም። አያቱን ለውጠው። ከሽሬ አድርገው፤ እዚያ ዘመድ የለንም።»

«መጽሐፉ ላይ የለም ብላችሁ ነው ያባረራችሁኝ።»

«መጽሐፉ ላይ ያለውን ሰማነው። መልከ መልካም ነው፣ ይመቸው። እሱ እሷን ቢያጣ ሌላ ያገኛል። ያንተው ካጣት አለቀለት። ልጅቱንም ደጅ አቁመሃት ሄድክ፤ አታፍርም?»

ቦርሳቸውን ዘጋሁላቸውና «ይግቡ» አልኩ።

በማክሰኞው ያቺ ወንበሬን የወሰደች ሴት ማንም ሳይነግራት ከወንበሩ ተነሣች። መጽሐፉን ዘረጋችልኝ። «እንደፈለግህ አንብበው፤ እኔም ሰለቸኝ» አለች። ተቀበልኳት፤ ባዶ እጁን የሚያወራ ሰው ማን ይሰማዋል። ከመሐሉ ገለጥኩና «አያቱ የሽሬ ሰው ነበር» ብዬ አነበብኩ። ጣቶች ታጠፉ፣ ተቆጠሩ፣ ተዘረጉ። የተቃወመ የለም። ያ ሽማግሌ እንኳ እጆቹን ኪሱ ውስጥ አድርጎ ነበር።

የተጋቡት ከሲግድ ቀጥሎ በዋለው በመጀመሪያው ማክሰኞ ነው።